ጥያቄና መልስ፦ የትሪሩ የሮማውያን በር ለምን ተበሳሳ?

ጥያቄ፦ ጀርመን፣ ትሪር ከተማ ፖርታ ኒግራ የሚባለውን የሮማውያን በር አየሁ። ድንጋዩ ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። ጥይት ነው? ከጎኑ የተያያዘው አሮጌ ቤትስ የማን ነበር? (ከፍራንክፈርት አንባቢ)

መልስ፦ ጥይት ሳይሆን ብረት ፈላጊዎች የቦረቦሩት ነው። በሩ መሠራት የጀመረው በ170 ገደማ ሲሆን (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በድንጋዮቹ መካከል ኖራ የለም። ግንበኞቹ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ድንጋዮችን ከላይ በኩል ፈልፍለው፣ ጫፎቹ የታጠፉ የብረት ማያያዣ ይከቱና የቀለጠ እርሳስ ያፈሱበታል። እርሳሱ ክፍተቱን ይሞላል፤ ብረቱንም ከዝገት ይጠብቃል። በመካከለኛው ዘመን ሁለቱም ውድ ስለነበሩ ሰዎች ከውጭ እየቦረቦሩ ወሰዷቸው። ልብ ብለው ካዩ ቀዳዳዎቹ የሚበዙት መጋጠሚያዎቹ ላይ ነው። ሕንፃው ግን አልተናደም፤ እስከ 6 ቶን የሚመዝኑ ድንጋዮች ስላሉት በገዛ ክብደቱ ጸንቶ ቆሟል። ጥቁረቱም ቢሆን ከጊዜ ብዛት የመጣ ነው፤ የአሸዋ ድንጋዩ ሲጠረብ ፈዛዛ ነበር።

ቤቱን ለማወቅ ከመነኩሴው ስምዖን መነሣት ይሻላል። የሲራኩሱ ተወላጅ ግሪካዊ ስምዖን በምሥራቁ ማማ በዓት ዘግቶ ኖሮ በ1035 አረፈ። ሊቀ ጳጳስ ፖፖ ወዲያው በሩን ባለ ሁለት ደረጃ ቤተ ክርስቲያን አደረገው፤ ታችኛው ለምእመናን፣ ላይኛው ለካህናት። በምዕራብ በኩል የተያያዘው ዚሜዎንሽቲፍት የእነዚያ ካህናት መኖሪያ ነበር። በሩን ያተረፈውም ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ነው፤ የከተማዋ ሌሎች የሮማውያን በሮች ድንጋያቸው ለሌላ ግንባታ ተወስዶ ጠፍተዋል። ናፖሊዮን በ1804 ቤተ ክርስቲያኑ ይፍረስ ብሎ አዘዘ። ብዙዎች የሮማውያኑን መልክ መለሰ ብለው ያመሰግኑታል፤ እኛ ግን ኪሳራም እናይበታለን፤ ወደ ስምንት ክፍለ ዘመን የሚጠጋ ታሪክ አብሮ ተነሥቷልና። በምሥራቅ ያለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መቅደስ ግን እስካሁን አለ።

እንደገና ከሄዱ ከውጭ አይመለሱ። ላይኛው ፎቅ ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀሩ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቅርጻ ቅርጾች አሉ። መውጫው ጠባብ ደረጃ ስለሆነ ጉልበት ለሚያመው ይከብዳል። ዚሜዎንሽቲፍት ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው።