ልጆቻችሁን ወደ ኩዌንካ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት

ኩባ ከተማርነው ኢትዮጵያውያን አንዳንዶቻችን ትዳርም የያዝነው ከኩባ ሰው ጋር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ለትምህርት ከተላኩት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች መካከል ዛሬ አሜሪካም አውሮፓም የሚኖሩ አሉ። ልጆቻችን የኢትዮጵያ ዘመዶቻቸውን በስልክም ቢሆን ያውቃሉ። በኩባዊው ወላጅ በኩል ግን ዘሩን ወደ ኋላ ብትቆጥሩት፣ ብዙ ጊዜ አንድ የስፔን ከተማ ወይም መንደር ላይ ይቆማል። እኛ ቤት የቆመው ኩዌንካ ላይ ነው። የባለቤቴ ቅድመ አያት ወደ ሃቫና የተነሱት ከዚያ ነው።

እንደኛ ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። «ከኩዌንካ ነን» የሚለውን የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይዛችሁ አውሮፕላን አትሳፈሩ። ኩዌንካ ከተማም አውራጃም ነው። በአውራጃው ውስጥ 238 ማዘጋጃ ቤቶች አሉ። ውጭ አገር የሄደ ሰው ደግሞ የመንደሩን ስም ማን ያውቅልኛል ብሎ በአውራጃው ስም ይጠራል፤ እኛም «ከጎንደር ነኝ» ብለን የገጠሩን ቀበሌ እንደምንተወው ማለት ነው። ኢኳዶር ውስጥም በ1557 የተመሠረተች ሌላ ኩዌንካ አለች። ስለዚህ መጀመሪያ ኩባ ያለውን የጋብቻ፣ የሞት ወይም የጥምቀት ወረቀት አስወጡ። የመንደሩ ስም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገኛል።

መንደሩ ከታወቀ በኋላ ነገሩ ይቀላል። የስፔን የክብር መዝገብ (መንግሥት የሚይዘው የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብ) የጀመረው በ1871 ነው። ከዚያ ወዲህ የተወለደ ሰው የልደት መዝገብ በተወለደበት ቦታ ባለው የክብር መዝገብ ቢሮ ይፈለጋል፤ የመዝገቡ ሙሉ ቅጂም በነጻ ነው የሚሰጠው። ከዚያ በፊት የነበረው የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ነው። እዚህ ላይ ልባችሁን አዘጋጁ። በ1936 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲነሳ በዚህ አካባቢ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘርፈዋል፣ መዝገባቸውም ተቃጥሏል። መዝገቡ የለም ከተባላችሁ ተስፋ ቆርጣችሁ አትመለሱ። ከመቶ ዓመት በላይ የሆናቸው የውልና የኑዛዜ ሰነዶች በአውራጃው የታሪክ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። መሬት የሸጠ፣ ጥሎሽ የሰጠ፣ የተናዘዘ ሁሉ እዚያ ስሙ ሊገኝ ይችላል። ቤተ መዛግብቱ ያለው በአሮጌው ከተማ ጫፍ ላይ፣ ድሮ የኢንኩዊዚሽን (ሰውን በእምነቱ ይመረምርና ይቀጣ የነበረው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ችሎት) ፍርድ ቤትና እስር ቤት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። ሰው በእምነቱ የታሰረበት ግንብ ዛሬ የልጅ ልጆች አያታቸውን የሚፈልጉበት ቦታ መሆኑ እኔን በጣም ይነካኛል። ለልጆቻችሁ ይህን ሳትነግሯቸው አትለፉ።

ስም ስትፈልጉ ደግሞ ሁለት የቤተሰብ ስም መኖሩን አስታውሱ፤ አንዱ የአባት፣ ሌላው የእናት። ሴት ስታገባ ስሟን አትቀይርም፣ በዚህ እንደኛው ናቸው። አሜሪካ ያደጉ ልጆች አያታቸውን በባል ስም ፈልገው ያጧታል።

ከተማዋ ራሷ ውብ ናት። አሮጌው ክፍል በሁካርና በዌካር ወንዞች ገደል መካከል ባለ ቋጥኝ ላይ ተቀምጧል። ገደሉ ላይ የተንጠለጠሉትን ቤቶች በደንብ ለማየት በሳን ፓብሎ የብረት ድልድይ ተሻገሩ፤ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ግን ባይሞክረው ይሻላል። ከማድሪድ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጣቢያው ከከተማው ውጭ ስለሆነ አውቶቡስ ወይም ታክሲ ያስፈልጋችኋል። እናት አባት ይዛችሁ ከሆነ ታክሲው ላይኛው አደባባይ ያድርሳችሁ፣ ከዚያ ቁልቁል መውረድ ነው። ጉልበታቸውን አስቡ።

ሞርቴሩዌሎ የሚሉት የአካባቢው ምግብ ውስጥ የአሳማ ጉበት አለ፣ ሙስሊሞችም ክርስቲያኖችም ጠይቃችሁ ብሉ። ጾም ላይ ከሆናችሁ ፒስቶ የሚባለውን የአትክልት ወጥ «እንቁላል ሳይኖረው» ብላችሁ እዘዙ። አላሁ የሚሉት የማርና የለውዝ (የአልሞንድ) ጣፋጭ ግሩም ነው።

መንደሩ ውስጥ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ሰው ነው። ጥቁር ቤተሰብ አደባባይ ላይ ሲቆም ሰው ይመለከታል፣ አትከፉ። ሽማግሌዎቹ ቀርበው የሚጠይቁት እኛ አገር የሚጠየቀውን ነው፦ የማን ልጅ ነህ? የማን ቤት ነሽ? እናንተ ቀድማችሁ አትመልሱ። ልጆቻችሁ ሁለቱን የቤተሰብ ስም በቃላቸው ይዘው ራሳቸው ይናገሩ። የድሮ ፎቶ ኮፒም ያዙ፣ ለሽማግሌ ከስም ይልቅ መልክ ቶሎ ይታወሰዋል። ነሐሴ ላይ ማድሪድና ቫሌንሲያ የሚኖሩት የመንደሩ ተወላጆች ለበዓል ይመለሳሉ፤ ዘመድ ለማግኘት ከዚያ የተሻለ ጊዜ የለም። መዝገብ ቤት ጉዳይ ካላችሁ ግን ነሐሴን ተዉት፣ ብዙ ሠራተኛ ዕረፍት ላይ ነው።

በመጨረሻ ስለ ወረቀት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ማመልከቻው ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚገባ ቀጠሮ በጊዜ ያዙ። ከስፔን ለተሰደዱ ሰዎች የልጅ ልጆች የስፔን ዜግነት የፈቀደው የ2022ቱ የስፔን ሕግ የማመልከቻ ጊዜው በኦክቶበር 2025 አብቅቷል። «አሁንም አስገባላችኋለሁ፣ ገንዘብ ላኩ» የሚል ደላላ ከመጣ ሳንቲም እንዳትሰጡት።