ስልክ ጠጋኙን ጠይቁ፦ ቀዳዳ የሌለው አይፎን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሀዋሳ ነው። ዳላስ ያለው ወንድሜ ለገና ይመጣል። «አይፎን 16 ይዤልሽ ልምጣ፣ ከኔትወርክ ድርጅቱ በወር በወር እየከፈልኩ ስለምወስደው አይከብደኝም» ብሎኛል። የሥራ ባልደረባዬ ግን «የአሜሪካ ስልክ ሲም አይቀበልም፣ ዲኮድ ካላስደረግሽው ባዶ ቀፎ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው? እዚህ ዲኮድ ማስደረግስ ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ባልደረባሽ ሁለት ነገር ቀላቅላብሻለች። ሁለቱም ግን አሉ።

ቀላሉን ላስቀድም። አሜሪካ የሚሸጥ አይፎን ከ14 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ የሲም ማስገቢያ የለውም። የሚሠራው በኢሲም ብቻ ነው፤ ኢሲም ማለት በካርድ ሳይሆን በኢንተርኔት ስልኩ ውስጥ የሚጫን ሲም ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሱቄ መጡ። ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ስልክ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለውታል። በሌላው እጃቸው ከድሮ ስልካቸው ካርቶን ያወጧትን የሲም መክፈቻ መርፌ ይዘዋል። «ልጄ፣ ቀዳዳውን አጣሁት፣ ዓይኔ ደክሟል መሰለኝ» አሉኝ። ዓይናቸው ደህና ነው፣ የሌለው ቀዳዳው ነው። ችግሩ፣ የጎረቤት ጎረምሳ ቀደም ብሎ «አገኘሁት!» ብሎ መርፌዋን ከታች ባለው የማይክ ቀዳዳ ከቶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ በዋትስአፕ ሲደውሉ ልጃቸው የምትሰማው ጉድጓድ ውስጥ ያለ ሰው ድምፅ ነው። ማይኩ ከቻርጀር ማስገቢያው ስስ ገመድ (ፍሌክስ) ጋር ስለሆነ አብሬ ቀየርኩላቸው። ኢሲሙን ደግሞ ሄደው አስወጡ።

ኢሲም እዚህም ይሰጣል። ስለዚህ ቀዳዳ የለውም ብለሽ ስልኩን አትተዪው። ለማውጣት ስትሄጂ መታወቂያሽንና ራሱን ስልኩን ያዢ። ኢሲም ሲጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ አዲሱ ስልክሽ ደግሞ ገና መስመር የለውም። ዋይፋይ ከሌለ ሆትስፖት የሚከፍትልሽ ጓደኛ ይዘሽ ሂጂ። አንድ ጣጣ ግን አለው። ስልኩ ድንገት ሲጠፋብሽ እንደ ድሮው ሲሟን አውጥተሽ ሌላ ቀፎ ላይ ሻጥ ማድረግ የለም። ለእናት ለአባት የሚገዛ ሰው ሲያማክረኝ፣ ከተገኘ ቀዳዳ ያለውን እላለሁ።

ዋናው ነገር «በወር በወር» ያልሽው ላይ ነው። አሜሪካ በድርጅት ክፍያ የሚወሰድ ስልክ በአብዛኛው ለዚያ ድርጅት ኔትወርክ የተቆለፈ ነው። ከድርጅቶቹ አንዱን፣ ኤቲ ኤንድ ቲን፣ ብትወስጂ፣ ቁልፉን የሚያነሳው የስልኩ ዋጋ ሙሉ በሙሉ ተከፍሎ፣ ስልኩም ቢያንስ 60 ቀን በራሱ ኔትወርክ ላይ ሲሠራ ከቆየ ነው። ወንድምሽ ጥቅምት ላይ ወስዶ ለገና ይዞልሽ ቢመጣ፣ ያው ባልደረባሽ ያለችው ባዶ ቀፎ ሆኖ ነው የሚደርስሽ። ክፍያው ቢቋረጥ ደግሞ ድርጅቱ አይ ኤም ኢ አዩን፣ ማለትም የስልኩን መለያ ቁጥር፣ የታገዱ ስልኮች መዝገብ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል።

ዲኮድ የኖኪያ ዘመን ቃል ነው። ያኔ ኮድ አስገብተን እንከፍት ነበር፣ ብዙዎቻችን እንጀራ የበላነው በሱ ነው። የዛሬ አይፎን የሚከፈተው ድርጅቱ ሲፈቅድ ነው፣ መዝገቡም ያለው አፕል ሰርቨር ላይ ነው። ከሲም ጋር ተደርባ የምትገባ ስስ ቺፕ የሚሸጡ አሉ። አፕዴት በመጣ ቁጥር ትከዳለች። ያንቺ ስልክ ደግሞ ሲም ማስገቢያም ስለሌለው እሷም አታገለግልሽም።

እና ለወንድምሽ እንዲህ በዪው፦ ሙሉ ዋጋ ተከፍሎበት «አንሎክድ» (ያልተቆለፈ) ተብሎ የሚሸጠውን ይግዛ። አዲሱ ውድ ከሆነበት ዝቅ ያለ ሞዴል ይሻላል። ከሱቁ ሳይወጣ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ውስጥ ይግባ። ወደ ታች ሲወርድ «ካሪየር ሎክ» የሚል መስመር ያገኛል። ፊት ለፊቱ «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ማለት አለበት። ፎቶ አንስቶ ይላክልሽ። አታፍሪ፣ ስጦታም ቢሆን ይጠየቃል። ካናዳ ከ2017 መጨረሻ፣ እንግሊዝ ደግሞ ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ ድርጅቶች የተቆለፈ ስልክ እንዳይሸጡ ከልክለዋል። ለንደን ወይ ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ሰው በዚህ በኩል እፎይ ብሏል።

ያገለገለ ከግለሰብ የሚገዛ ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ ፊቱ ቆሞ ከአይክላውዱ፣ ማለትም ስልኩ ከተመዘገበበት የአፕል አካውንት፣ ይውጣ። ስልኩ ላይ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ማስጀመር (ሪሴት) ብቻውን አይበቃም። እኔ በሙያው ላይ እያለሁ ተበልቻለሁ። አንድ ሰው «አሁን ነው ሪሴት ያደረግኩት» ብሎ ሸጠልኝ፣ ማታ ቤት ገብቼ ከዋይፋይ ጋር ሳገናኘው የማላውቀው ሰው ኢሜይል ጠየቀኝ። የሻጩ ስልክ ጥሪ አይቀበልም ነበር። ያ ቀፎ እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ተለማማጆቼ ስክሪን ማንሳት የሚማሩት በሱ ነው።

እዚያው አባውት ላይ የሞዴል ቁጥሩን የመጀመሪያ ፊደል ይይ። ኤም ከሆነ አዲስ ተብሎ የተሸጠ ነው፣ ኤፍ ከሆነ ታድሶ የተሸጠ፣ ኤን ከሆነ በተበላሸ ፋንታ የተተካ። ታድሶ የተሸጠ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በአዲስ ዋጋ አይሸጥለት ነው የምለው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ኮምቦልቻ ላለው ወንድሜ ሳምሰንግ ልልክለት ነው። «የዓረብ አገር ስልክ እዚህ ይዘጋል» ይባላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የኔ እህት፣ የሚዘጋው ሁሉም አይደለም። አንዳንድ የሳምሰንግ ስልክ መጀመሪያ በተገዛበት አካባቢ ሲም እንዲሠራበት ይጠብቃል። ካርቶኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመላክሽ በፊት የራስሽን የሳዑዲ ሲም አስገቢና በመደበኛ ጥሪ ከአምስት ደቂቃ በላይ አውሪ። በዋትስአፕ ሳይሆን በመስመር ነው። ለጓደኛሽ ደውለሽ የሳምንቱን ወሬ ብታወሪላት ተከፈተ ማለት ነው። ይህን ሳታደርጊ ላክሽው እንበል፣ ወንድምሽ ሱቅ ለሱቅ ይንከራተታል፣ አንቺም ከሪያድ ሆነሽ ምንም አትረጂውም።

ከዚያ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ደውዪ። የሚወጣው 15 አሃዝ የስልኩ አይ ኤም ኢ አይ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ደረሰኙን ላኪለት። ዋስትናው ግን እዚያው አገር ላይ ነው ብለሽ አስቢ። ቻርጀሩ ሦስት ጥርስ ያለው ከሆነ አትጣዪው፣ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፣ እዚህ አዳፕተር ብቻ ይበቃዋል።

ሐሳብሽን ቀይረሽ አይፎን 17 ካልሽ ግን ልብ በዪ፦ ሳዑዲና ኤሚሬትስን ጨምሮ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሸጠውም አሁን ኢሲም ብቻ ሆኗል።

ጥያቄ፦ ከቻይና የመጣ ሻዎሚ በግማሽ ዋጋ ገደማ አግኝቻለሁ። ልግዛው? ከአዳማ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለቻይና ገበያ የተሠራው ፕሌይ ስቶር ተጭኖበት አይመጣም፣ ቋንቋውም ቻይንኛና እንግሊዝኛ ነው። ይህን እያወቅክ ብትገዛ ክፋት የለውም። የምፈራልህ ነጋዴው ፍላሽ አድርጎ፣ ማለትም የስልኩን ሶፍትዌር በሌላ ቀይሮ፣ «ግሎባል ነው» ብሎ የሚሸጥልህን ነው። አፕዴት አድርግ ሲልህ እሺ ትላለህ፣ ስልኩ ዳግም ላይነሳ ይችላል። አንዳንድ የባንክ መተግበሪያም እንዲህ የተነካካ ስልክ ላይ አልከፈትም ይላል። ስልኩ ሲነሳ ስክሪኑ ጫፍ ላይ የተከፈተ ቁልፍ ምልክት ካየህ፣ ዋጋው ምንም ቢረክስ መልስለት።