ጫናውን በአልጋ ብቻ አትቁጠሪው

እህቴ፣ ለመመረቂያ ጽሑፍሽ «የነርሶችን የሥራ ጫና በታካሚ ቁጥር ብለካው ይበቃል ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በውስጥ ደዌ ክፍል ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አይበቃም።

ቁጥሩን ናቂው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ያደረጉት ጥናት፣ አንዲት ነርስ በምትይዛቸው ታካሚዎች ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በ30 ቀን ውስጥ የመሞታቸው ዕድል በ7 በመቶ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህን ጥናት ሳታነቢ አትጀምሪ።

ነገር ግን እኔ ከሁሉ የደከምኩበት ሌሊት ክፍሉ የሞላበት አልነበረም። ታካሚዎቹ 14፣ ተረኞቹ ሁለት ነበርን። ለአንዲት እናት ደም ሰቅያለሁ። ደም ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ከአጠገብ መራቅ የለም፤ ካልተስማማ ወዲያውኑ መዘጋት አለበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ከወዲያኛው ጥግ አንድ አስታማሚ «ሲስተር፣ ኦክስጅኑ አለቀ!» ብሎ ጮኸ። ባልደረባዬ መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲ ወርዳለች። ደሙን ዘግቼ ሮጥኩ፤ ሲሊንደሩን ከአስታማሚው ጋር እያንከባለልን አመጣን። ሁለቱም ታካሚዎች ደኅና አደሩ። እኔ ግን እስኪነጋ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። በርክክብ መዝገቡ ላይ ያ ሌሊት ቀላል ሌሊት ነው።

ስለዚህ ነርሷን ስንት ታካሚ ነበረሽ ብለሽ አታቁሚ። ስንት ጊዜ ሥራሽን አቋርጠሽ ተነሣሽ በያት። የነርስ ያልሆነ ምን ሥራ ሠራሽ፣ ሳትሠሪው የወጣሽውስ ምን አለ ብለሽ ጠይቂ። ይህ ሳይሠራ የቀረው ሥራ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ጀርባቸውን ሳላገላብጣቸው የወጣሁ አዛውንት እንቅልፍ ነስተውኛል።

አስታማሚንም አትርሺ። በእኛ አገር ሆስፒታሎች ማጠቡም፣ ማጉረሱም፣ የላቦራቶሪ ውጤት ማምጣቱም በአብዛኛው በቤተሰብ ትከሻ ላይ ነው። ዘመድ የሌለው አንድ ታካሚ ዘመድ ካላቸው ሦስት ይከብዳል፤ በቆጠራሽ ላይ ግን አንድ ነው።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ያወጣው የሥራ ጫና መለኪያ መጠይቅ ከአካልና ከአእምሮ ድካም፣ ከጊዜ ጥበት ጋር ብስጭትንም ስለሚጠይቅ ይጠቅምሻል። መጠይቁን ግን በርክክብ ሰዓት አትበትኚ። ያን ጊዜ የሚሞላ ሰው መኻሉን እየመረጠ ይጨርሰዋል፤ እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።