ዘይቱን ተወው፣ መጀመሪያ ክዳኑን አሳየኝ

ከዴንቨር የጻፈልኝ ወጣት የ2006 ሱባሩ ኤስቲአይ አለው። ቱርቦውን በትልቅ ቀይሯል፣ ኢንተርኩለሩን (ቱርቦው የጨመቀውን ትኩስ አየር የሚያቀዘቅዘውን) ከሞተሩ አናት አንስቶ ከፊት ፓራውልቱ ጀርባ አስገብቷል፣ ራዲያተሩንም በአሉሚኒየም አስለውጧል። «ጋሼ፣ ከተማ ውስጥ ምንም አይልም። በአይ-70 አውራ ጎዳና ከጆርጅታውን ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስወጣ ግን ውሃው 226፣ ዘይቱ 270 ይገባል። ያኔ ማሞቂያው በድንገት ቀዝቃዛ አየር ይነፍሳል፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባም ውሃ ሲንቆረቆር እሰማለሁ። የፕላስቲክ መጠባበቂያው ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ላይኛውን ታንክ ግን ጠዋት ጠዋት ጎድሎ አገኘዋለሁ። ትልቅ የዘይት ማቀዝቀዣ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ይመክሩኛል?» ይላል።

ለጊዜው የትኛውንም። ካርድህን ወደ ኪስህ መልስ።

ፋራናይቱን ወደለመድኩት ልመልሰውና ውሃህ 108፣ ዘይትህ 132 ዲግሪ ነው። ዘይቱ ቢያስደነግጥህ አልፈርድብህም። እኔን የያዘኝ ግን ያ ጠዋት ጠዋት የሚጎድለው ታንክ ነው። ሞተር ሲሞቅ ውሃው ያብጥና ትርፉን ወደ መጠባበቂያው ይተፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ የተፋውን መልሶ ይጠጣል። መጠባበቂያው ሙሉ ሆኖ ታንኩ ከጎደለ፣ ሞተርህ ሌሊት የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን አየር ነው። ከየት? ራስህ በላክህልኝ ፎቶ ላይ ከራዲያተሩ አንገት አንዲት ጥቁር ቀጭን ቱቦ ወጥታ ወደ መሬት ተንጠልጥላለች። ከስሯ ባለው ብረት ላይ ጨው የመሰለ ነጭ እድፍ ደርቋል። ኩላንትህ (ከውሃው ጋር የሚደባለቀው የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) የሚወጣው፣ አየሩም የሚገባው በእሷ ነው።

የዚህ መኪና አንዱ ጠባይ ሁለት ክዳን ያለው መሆኑ ነው፤ አንዱ ቱርቦው አጠገብ ባለው ላይኛው ታንክ ላይ፣ ሌላው ራዲያተሩ ላይ። ፋብሪካው ሆን ብሎ የታንኩን ክዳን ደከም አድርጎ (1.1 ባር አካባቢ፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ የራዲያተሩን ጠንከር አድርጎ (1.4 አካባቢ) ሠርቷቸዋል። ግፊቱ ሲበዛ የሚከፈተው የታንኩ ብቻ ነው፤ ከእሱ የሚወጣው መጠባበቂያ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ይመለሳል። የራዲያተሩ ክዳን ዝም ብሎ መዘጋት ነው ሥራው። አሉሚኒየሙን የገጠመልህ ሰው ከካርቶኑ ጋር የመጣውን 0.9 የሚል ክዳን አጥብቆ ሸኝቶሃል። ስለዚህ ደካማው ጠንካራ መሆን ባለበት ቦታ ተቀምጧል፤ እሱ ቀድሞ ይከፈታል፣ የሚተፋውም አስፋልት ላይ ይቀራል።

ኮፈኑን ከፍተህ ክዳኑን ለማየት ከመሮጥህ በፊት ግን አንድ ነገር ስማኝ። ትኩስ ሞተር ላይ የትኛውንም ክዳን አትንካ፤ በጨርቅም፣ በጓንትም፣ «ትንሽ ላላ ላድርገው» ብለህም። አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ስማር አጠገቤ የነበረ ልጅ የላንድክሩዘር ክዳን ሩብ ዙር ብቻ አዞረ። ከደረቱ እስከ አገጩ ተላጠ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆሜ የግራ ክንዴ ላይ እስከ ዛሬ ምልክቱ አለ። ማታ አቁመህ ጠዋት ክፈተው።

አሁን ደጋግሜ የማወራውን ላውራ፤ የማይፈልግ ሰው ይለፈው።

ደብረ ብርሃን ንፍሮ ቀቅሎ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ድሬዳዋ ቶሎ የሚበስለው ባቄላ እዚያ ከሰል ይጨርሳል። እሳቱ አንሶ አይደለም፤ ውሃው የሚፈላው ሙቀቱ ገና ዝቅ ያለ ሳለ ስለሆነ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 አካባቢ፣ ደብረ ብርሃን ላይ 90 አካባቢ ይፈላል። ከፈላ በኋላ የፈለግከውን ያህል ብታነድበት እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ውሃው ከዚያ በላይ አይሞቅም። ሴቶቻችን ፕሬዠር ኩከር የሚወዱት ለዚህ ነው፤ ክዳኑ ግፊት ይይዛል፣ ግፊቱ ውሃው እንዳይፈላ ይጫነዋል፣ ውሃው ሳይፈላ 115 እና 120 ይደርሳል፣ ባቄላው ይበስላል። የራዲያተር ክዳን የዚህ ክዳን ወንድም ነው። ልዩነቱ አንዱ ለማብሰል፣ ሌላው ቴስታታህ (የሞተሩ ራስ) እንዳይበስል መሆኑ ብቻ ነው።

ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ውሃ 95 አካባቢ ይፈላል። ዋሻው 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ክፍት ድስት 89 ሳይሞላው ይንፈቀፈቃል። ኩላንት በግማሽ ሲቀላቀልበት ስድስት ሰባት ዲግሪ ይጨምርለታል። የዋሻው አየር ግፊት 0.67 ባር አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ጤነኛ ክዳን 1.1 ሲጨምርበት ድብልቁ እስከ 120 እና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ያንተ ግን 108 ላይ መንቆርቆር ጀመረ። ወደ ኋላ ስታሰላው ክዳንህ እየያዘ ያለው 0.4 ባር ግድም ነው። የተጻፈበትን 0.9 እንኳ አልያዘም። አይግረምህ፤ እንደዚህ ያሉ ከካርቶን የሚወጡ ክዳኖችን በፓምፕ ሞክሬ የተጻፈባቸውን ግማሽ የማይዙ ብዙ አግኝቻለሁ። ደግሞ መለኪያህ የሚያሳይህ ሴንሰሩ ያለበትን ቦታ ነው። ከጭስ ማውጫ ቫልቮቹ ጀርባ ያለው ውሃ ከዚያ ቀድሞ ይፈላል። እንፋሎት ደግሞ ብረት አያቀዘቅዝም፤ አረፋው የተቀመጠበት ቦታ ደረቅ ምጣድ ይሆናል። ማሞቂያህ የቀዘቀዘውም ለዚህ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሳይሆን እንፋሎትና አየር ደረሰ።

አበቃሁ። ወደ ሥራው።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ሁለቱንም ክዳን አውጣ። ላስቲካቸውን በጣትህ ዳስስ፤ የጠነከረ ወይም ጠርዙ የተቆረሰ ካለ አበቃለት። መሃሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቫልቭ በጥፍርህ ሳብ አድርገህ ስትለቃት ጠብ ብላ መመለስ አለባት። ከዚያ መለዋወጫ መደብር ሂድና የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ተዋስ፤ እዚህ አገር መያዣ አስይዘህ በነፃ ይሰጡሃል። ታንኩ አንገት ላይ ገጥመህ እስከ 1.1 ባር ንፋና አሥር ደቂቃ ጠብቅ። መርፌው ከወረደ ያቺን የተንጠለጠለች ቱቦ ተመልከት፤ እዚያ ጠብታ ካየህ ግምቴ ልክ ነው። ክዳኖቹን ደግሞ በአስማሚው ለየብቻ ሞክራቸው።

ክዳን ከመቀየርህ በፊት የቴስታታውን ጉዋርኒሲዮንም (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን ማሸጊያ) አጣራ፤ በዚህ ሞተር ላይ ሳልሞክር አላልፍም። ሰማያዊው ፈሳሽ ያለበትን መሞከሪያ ታንኩ አፍ ላይ ታደርጋለህ፤ ሞተሩ የሚነሳው ቀዝቅዞ ክዳኑ ከተከፈተ በኋላ ነው። የተቃጠለ ጋዝ ካለ ፈሳሹ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ቢጫ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን ማንበብ ትተህ ሞተር አውራጅ ፈልግ። ሰማያዊ እንደሆነ ከቀረ ተመስገን በል።

ሁለቱንም ክዳን ኦሪጅናል ግዛ፤ ዋጋቸው ካሰብከው ማቀዝቀዣ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ሶማሌ ተራ ያሳደገኝ ሰው ስለሆንኩ አሮጌ ኦሪጅናል ከአዲስ ቅጂ ይሻላል ባይ ነኝ፤ በክዳን ላይ ግን እሱም አይሠራም፣ አዲስ ኦሪጅናል ነው። የተንጠለጠለችውን ቱቦም ወደ መጠባበቂያው መልሳት ወይም ዝጋት።

ራዲያተሩን የገጠመው ሰው ተርሞስታቱንም፣ ማለትም እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ቫልቭ፣ ነክቶት ከሆነ (ነክቶታል ብዬ እጠረጥራለሁ) አውጣው። ከውሃ ፓምፑ ሥር ሁለት የ10 ቁልፍ ቡሎን ነው። የፋብሪካው ትልቅና ወፍራም ነው፤ ርካሹ አጠገቡ ስታስቀምጠው የልጅ መጫወቻ ይመስላል፣ ውሃም ያንኑ ያህል ጥቂት ነው የሚያሳልፈው። ድስት ውስጥ ከቴርሞሜትር ጋር አንጠልጥለው፤ ከ76 እስከ 80 ባለው መከፈት ጀምሮ 91 ላይ ወለል ማለት አለበት። ዴንቨር ውሃ 95 ስለሚፈላ ምድጃህ ይበቃሃል። «ጭራሽ አውጥተህ ጣለው» የሚሉህን አትስማ፤ በክረምት ሞተሩ ሳይሞቅ ሥራ ቦታህ ትደርሳለህ።

ስትሞላ በታንኩ በኩል ቀስ ብለህ ሙላ። አፍንጫውን በክሪክ አንስተህ መቆሚያ ላይ አሳርፈው፣ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈት፣ ቱቦዎቹን በእጅህ ጨመቅ ጨመቅ እያደረግክ አረፋውን አውጣ። ከዚያ ክዳኑን ዝጋ፣ ቬንትሌተሮቹ ሁለቴ ተነስተው እስኪጠፉ አስነሳው፣ አጥፋው። አድሮ ጨምርበት። አድሮ ነው ያልኩት፤ «ትንሽ ቆይቼ» ብለህ ትኩሱን እንዳትከፍት። የፈሰሰ ኩላንት ካለ እጠበው፤ ጣፋጭ ነው፣ ውሻም ልጅም ይልሰዋል፣ መርዝ ነው።

ሌላው ያናደደኝ ከስር ያለው የፕላስቲክ መከላከያ መነሳቱ ነው። «አየር እንዲያገኝ ብሎ አነሳው» ብለሃል። እንዲህ የሚል ሰው ሞተሩን ሳይሆን ቡሎን መፍታት የሰለቸውን ራሱን ነው የረዳው። ፕላስቲኩ ከፊት የገባው አየር በራዲያተሩ ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድደዋል፤ ከሌለ አየሩ በቀላሉ መንገድ ከስር ይሾልካል። ያንተ ደግሞ ከራዲያተሩ ፊት ኢንተርኩለር ተጋርጧል፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ያንኑ ጉልበት ለማምጣት የበለጠ ይሽከረከራል፣ የበለጠ የሞቀ አየር ይልካል፣ ራዲያተሩ የሚደርሰው ኢንተርኩለሩ አሙቆ የላከው ነው። መከላከያውን መልስ። በኢንተርኩለሩና በራዲያተሩ መካከል በጎን ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ዝጋ። በኮንደንሰሩና (የኤሲው ራዲያተር) በራዲያተሩ መካከል በባትሪ አብርተህ እይ፤ ከማውቃቸው መኪኖች ግማሾቹ እዚያ ውስጥ የሳርና የላባ ምንጣፍ ይዘዋል።

ዘይቱ አሁን ነው ተራው። ፋብሪካው በዘይት ፊልትሮውና በሞተሩ መካከል ዘይቱን በኩላንት የሚያቀዘቅዝ ክብ ማቀዝቀዣ አስቀምጧል። ዘይቱ ሙቀቱን የሚሰጠው ለውሃው ነው። ውሃው ራሱ 108 ሆኖ አረፋ ከተሞላ ለማን ይስጥ? ስለዚህ ውሃውን ካስተካከልክ ዘይቱም መውረዱ አይቀርም። እኔ በተነካካ መኪና ላይ ዳገት ስወጣ እስከ 120 ቢሄድ አልጨነቅም፤ 130 ላይ እግሬን አነሳለሁ። ከ100 በታች ሁልጊዜ መቅረቱም ጥሩ አይደለም፤ በዘይቱ ውስጥ የገባው እርጥበት በደንብ አይተንም። የዘይቱን ልክ ነዳጅ በሞላህ ቁጥር እይ፤ ይህ ሞተር ዘይት ይጠጣል፣ የሚይዘው ደግሞ ከአራት ሊትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ሊትር የጎደለው ሞተር ያለ ምክንያት አይሞቅም፤ ብሮንዚን (የሞተሩን ዘንግ የሚሸከሙትን ስስ ብረቶች) የሚያቃጥለውም እሱ ነው። 5ደብልዩ-40 ሙሉ ሲንቴቲክ እኔ የምጠቀመው ነው።

ሃይ ፕሌይንስ ሬስዌይ የመኪና ውድድር ሜዳ ሄደህ ሙሉ ቀን ልሩጥ ካልክ ያኔ የዘይት ማቀዝቀዣ ያስፈልግሃል። ተርሞስታት ባለው ማገናኛ ሰሌዳ እንጂ ያለ እሱ እንዳትገጥም፤ ጥር ወር ዴንቨር ውስጥ ዘይትህ ጭራሽ አይሞቅም። ከራዲያተሩ ፊት ሳይሆን በጎን፣ ከጎማው ፊት ቦታ ፈልግለት። ቱቦዎቹ ላይ አትቆጥብ፤ ርካሽ ቱቦ ከሻንሲ ጋር ተፋትጎ ትኩስ ቱርቦ ላይ ዘይት ሲረጭ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትህም።

እስከዚያው ዳገቱን በስድስተኛ ማርሽ እግርህን ተጭነህ አትውጣው። ወደ አራተኛ ቀንሰህ ሞተሩ በቀላሉ ይዙር፤ የውሃ ፓምፑም አብሮ ይፈጥናል። ከሞቀብህ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ክፈት፣ ቀንስ፣ ዳር ያዝ። ክዳኑንስ? አትንካው፤ በረዶ ላይ ቆመህ እንኳ ቢሆን።

ስትጨርስ ጆርጅታውን ላይና ዋሻው አፍ ላይ የሁለቱንም ሙቀት ጽፈህ ላክልኝ፤ የውጩን አየር ሙቀትም ጨምርበት። ያን 0.9 የሚል ክዳን ደግሞ አትጣለው፤ አውሮራ ስትመጣ ይዘኸው ና፣ በራሴ ፓምፕ ልሞክረው።