«አንገት ከተነካ አልጋ ላይ ትቀራለች» ይሉናል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ 72 ዓመቷ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ስትወርድ ወደ ፊት ወድቃ ግንባሯን ተመታች። ሲቲ ስካን ሲነሳ፣ ሁለተኛው የአንገት አጥንት ላይ እንደ ጥርስ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ክፍል ከሥሩ ተሰብሮ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ተንሸራቷል። እጅና እግሯ ደህና ነው። ሐኪሟ ኦፕሬሽን ተደርጎ በብሎን ቢታሰር ይሻላል ብሏል። ዘመድ ግን አንገት ከተነካ አልጋ ላይ ትቀራለች ይላል። አክስቴ ደግሞ ወጌሻ ካልመጣ ብላለች። ለልቧ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ምን ይሻለናል?
ልጃቸው፣ ከደሴ

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ከወጌሻው ልጀምር፤ አደራ፣ እንዳይነካቸው። ወለምታ ሲያሽ ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልችልም። ከስብራቱ ጀርባ ህብለ ሰረሰር አለ። አንድ ጊዜ ጠምዘዝ ቢያደርገው ትንፋሽ ሊቆም ይችላል። አንገታቸውን ደግፎ የሚይዘው ኮላርም ሐኪሙ ካላዘዘ አይውለቅ፣ ሲተኙም ቢሆን።

ሽባ መሆን ያጋጥማል ወይ? ያጋጥማል። ግን እዚያ ቦታ ላይ ለህብለ ሰረሰሩ ያለው ክፍተት ከታችኛው አንገት ሰፋ ያለ ነው። እኔን የበለጠ የሚያስጨንቀኝ ደም ቅዳው ነው። በግራም በቀኝም፣ በአጥንቶቹ ቀዳዳ እያለፈ ወደ አንጎል ይወጣል። 3.5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው ብሎን የሚገባው ከሱ ጥግ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ደም ቅዳው ከፍ ብሎ ስለሚያልፍ ለብሎኑ ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ከኦፕሬሽኑ በፊት ደም ስሩን የሚያሳይ፣ በመድኃኒት የሚነሳ ሲቲ ተነስቶ እንደሆነ ጠይቂ። ካልተነሳ ይነሳ። ስንቦረቡር ከቀዳዳው ደማቅ ደም ከፈነዳ፣ ብዙ ጊዜ ብሎኑን እዚያው አስገብተን እንደፍነዋለን። ሌላኛውን ጎን ግን ከዚያ ወዲያ አንነካም፤ ሁለቱም ከተጎዱ አንጎል ደም ያጣል።

ሌላው ጭንቅ ገና ቢላ ሳይነሳ ነው። የማደንዘዣ ቱቦ ሲገባ አንገትን ወደ ኋላ መቀልበስ የለም። ጉሮሯቸው ደንዝዞ፣ እሳቸው እንደነቁ፣ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማስገባት ይቻላል። ከዚያ በሆዳቸው ይተኛሉ። ሲገለበጡ አንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ ይይዛል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብሎ የሚያዘውም እሱ ነው። ፕሮፌሰርም ቢኖር ይታዘዘዋል!

ደም ማቅጠኛውን በራሳችሁ አታቁሙ። የልብ ሐኪማቸውና ቀዶ ሐኪሙ ተነጋግረው ይወስኑ። አካባቢው የደም መልስ መረብ ያለበት ስለሆነ ይደማል፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ ካሁኑ አዘጋጁ።

ያለ ኦፕሬሽንስ? ይህን ስብራት የአጥንት ሐኪሞቹ አንደርሰንና ዳሎንዞ እ.ኤ.አ. በ1974 ሁለተኛ ዓይነት ብለው መድበውታል፤ በዕድሜ በገፋ ሰው ላይ በቀላሉ የማይገጥመው እሱ ነው። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ሲንሸራተት ደግሞ በኮላር ብቻ የመግጠም ዕድሉ ይቀንሳል። ልባቸውና ሳንባቸው የሚችል ከሆነ ከሐኪማችሁ ጋር ነኝ። ካልቻለ ኮላር አድርጎ መከታተል ነውር የለውም። አጥንቱ ሳይገጥም በጅማት ተይዞ ደህና የሚኖሩ አዛውንቶች አሉ። ራስ ቅል ላይ በሚስማር ተይዞ ደረት ላይ የሚታሰረውን ሃሎ ግን በዚህ ዕድሜ አልወደውም። መዋጥ ያስቸግራል፣ የሳንባ ምች ያስከትላል።

አንደኛውና ሁለተኛው አጥንት አብረው ከታሰሩ፣ አንገት ወደ ጎን የሚዞረው በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ይህን ቀድመው ይወቁት። ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ትከሻቸውን ጭምር ማዞር ይለምዳሉ። ማጅራታቸው አካባቢ መደንዘዝም ሊኖር ይችላል፤ እሱ ብዙም አያስደንግጣችሁ።

ከኦፕሬሽኑ በፊትም ሆነ በኋላ እጃቸው ዕቃ መጣል ከጀመረ፣ እግራቸው ከተሳሰረ፣ ሽንት ካስቸገራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው፣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ስታነሷቸው ኮላሩ እንደታሰረ፣ ጭንቅላታቸውን አንድ ሰው ይዞ ይሁን።