ከሊትሩ በፊት ተለጣፊዋን ያንብቡ፦ ስለ ትልቅ የቤተሰብ ፍሪጅ ጥያቄና መልስ

በዓል በተቃረበ ቁጥር ስለ ትልልቅ ፍሪጆች የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያህል አዲስ አበባ ውስጥ ፍሪጅ ስጠግን የኖርኩ ሰው እንደመሆኔ፣ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ በአንድ ላይ እንድታቀርቡ ጋብዤ የደረሱኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ። ስለ ዋጋና ስለ ምርት ስም አላነሣም፤ ዋጋው አንድ ቦታ አይቆምም፣ ፍሪጆቹም እኔ ዘንድ የሚመጡት ሲበላሹ ብቻ ስለሆነ ስለ ምርቶቹ የምሰጠው ፍርድ ሚዛናዊ ሊሆን አይችልም።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ለመግዛት ስትሄዱ በሩን ከፍታችሁ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከአትክልት መሳቢያው አጠገብ፣ የተለጠፈችውን ትንሽ የመረጃ ወረቀት ፈልጉ። ከታች ያሉት የብዙዎቹ ጥያቄዎች መልስ እዚያች ላይ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ ሰባት ቤተሰብ ነን። ሻጩ 600 ሊትር ነው ያለኝ ፍሪጅ ውስጡ ሲታይ ጠበበብኝ። ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ የግድ ተታልለዋል ማለት አይደለም። አምራቾች ሁለት ዓይነት ሊትር ይጽፋሉ፤ አንደኛው መደርደሪያውና መሳቢያው ሁሉ ወጥቶ ባዶው ሣጥን ሲለካ የሚገኘው ጠቅላላ ይዘት ሲሆን፣ ሁለተኛው ዕቃ በእርግጥ የሚቀመጥበት የተጣራ ይዘት ነው። በረዶ መሥሪያና ውሃ መቅጃ ባለው ፍሪጅ ላይ የሁለቱ ልዩነት ይሰፋል። ሁለት ፍሪጆችን ሲያወዳድሩ የተጣራውን ከተጣራው ጋር ያወዳድሩ። በእኔ ግምት ለሰባት ሰው ከ450 እስከ 550 የተጣራ ሊትር ይበቃል፤ የሳምንቱን ወጥ በአንድ ቀን ሠርቶ የሚያስቀምጥ ቤት ወደ ላይኛው ቁጥር ቢጠጋ ይሻላል።

ከሊትሩ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቅርጹ ነው። በሁለት በር ጎን ለጎን የሚከፈተው ፍሪጅ ከውጭ ሲለካ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውም፣ መሐሉ ከላይ እስከ ታች በግድግዳ ስለሚከፈል የፍሪዘሩ ወገን ውስጡ ብዙ ጊዜ 40 ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። አንዲት ደንበኛዬ ይህን ዓይነት ፍሪጅ በገዙ ማግሥት የዶሮ ወጡን ድስት ከነእጀታው ለማስገባት ሞክረው አልገባ ሲላቸው፣ ወጡን በአራት ሳህን ገልብጠው መደርደሪያውን ሁሉ አጨናንቀውት አይቻለሁ። ስለዚህ ወደ ሱቅ ሲሄዱ የቤትዎን ትልቁን ድስት በሜትር ለክተው ይሂዱ። ድስት ለሚበዛበት ቤት ከላይ ሙሉ ስፋት ያለው ፍሪጅ፣ ከታች ደግሞ በመሳቢያ የሚከፈት ፍሪዘር ያለው ቅርጽ ይመቻል ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ለበዓል ቅርጫ ስንካፈል ወደ 20 ኪሎ ሥጋ ይደርሰናል። ባለፈው ዓመት እንደመጣ ሁሉንም በአንዴ ፍሪዘር ውስጥ ብናስገባው በሁለተኛው ቀን የመካከለኛው ሥጋ ሸተተ። ፍሪጁ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ፍሪጁ ጤነኛ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ከዐቅሙ በላይ ነው የጫናችሁት። ፍሪዘር የቀዘቀዘውን ይዞ ለማቆየትና ያልቀዘቀዘውን ለማቀዝቀዝ ያለው ዐቅም አንድ አይደለም። ተለጣፊዋ ላይ «የማቀዝቀዝ ዐቅም» በሚል በ24 ሰዓት ውስጥ ስንት ኪሎ ያልቀዘቀዘ ምግብ ወደ በረዶነት መቀየር እንደሚችል ተጽፏል፤ እኔ ከማያቸው ፍሪጆች በአብዛኞቹ ላይ ይህ ቁጥር ዐሥር እንኳ አይሞላም። ተለጣፊው ከጠፋ፣ 120 ሊትር ፍሪዘር በቀን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይችላል ብላችሁ ብታስቡ ብዙ አትሳሳቱም። ጠዋት የታረደ በሬ ሥጋ ደግሞ የሰውነቱ ሙቀት ገና አልወጣለትም። ያን ሁሉ ሙቀት ይዞ በፌስታል ተጠቅጥቆ ሲገባ ዳር ዳሩ በረዶ ይሆናል፤ መካከሉ ግን ለብ እንዳለ ያድርና ይሸታል፤ ቀድሞ የቀዘቀዘውንም አብሮ ያሟሟዋል።

የሚከተለውን ብታደርጉ ይሻላል። ከበዓሉ አንድ ቀን አስቀድማችሁ የፍሪዘሩን ፈጣን ማቀዝቀዣ ቁልፍ ተጫኑ። ሥጋው ሲመጣ ለአንድ ወጥ በሚበቃ መጠን ከፋፍላችሁ፣ በፌስታል ውስጥ በእጅ መዳፍ ተጭናችሁ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጣፋ አድርጉት። መጀመሪያ በፍሪጁ ክፍል ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ የዕለቱን ድርሻ ብቻ፣ እሽጎቹ ሳይነካኩ፣ ወደ ፍሪዘሩ አስገቡ። በፍሪጁ ክፍል ከሁለት ቀን በላይ አይቆይ። የቀረው ቋንጣ ይሁን፤ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም ፍሪጅ የተሻለ ቴክኖሎጂ ነው። በየበዓሉ ይህን ያህል ሥጋ የሚገባበት ቤት ደግሞ ትልቅ ፍሪጅ ከመግዛት ይልቅ መካከለኛ ፍሪጅና ከላይ የሚከፈት የተለየ ፍሪዘር ቢገዛ ገንዘቡ ቁም ነገር ላይ ይውላል።

የከዋክብቱን ምልክትም ተመልከቱ። ሦስት ኮከብ ያለው ክፍል የቀዘቀዘውን ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ያቆያል እንጂ ያልቀዘቀዘ ምግብ ወደ በረዶነት እንዲቀይር የተሠራ አይደለም፤ ለዚያ አራት ኮከብ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን መብራት ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ኢንቨርተር ፍሪጅ ከሆነ ስታቢላይዘር አያስፈልገውም ብለውኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። በተለመደው ፍሪጅ ውስጥ ጋዙን የሚገፋው ሞተር፣ ማለትም ኮምፕረሰሩ፣ ወይ በሙሉ ፍጥነት ይሠራል ወይ ይቆማል፤ ሲነሣም ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው የጋዝ ግፊት ገና ስላልተመጣጠነ መነሣት ያቅተውና እያጓራ ይግላል። የፍሪጅ መከላከያ የሚባሉት ዕቃዎች መብራት ከመጣ በኋላ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ኢንቨርተሩ ግን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ስለሚጨምር ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፤ ኤሌክትሪክም ይቆጥባል።

ይሁንና ኢንቨርተር ኮምፕረሰሩን የሚያዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ከኋላው አለ፤ እኔ ዘንድ የሚመጡት ኢንቨርተር ፍሪጆች ከኮምፕረሰር ይልቅ በዚህ ሰሌዳ ነው የሚታመሙት። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ለቅጽበት ይዘልላል። ሰሌዳውን ስከፍተው የባቄላ ፍሬ የምታህል ሰማያዊ ክብ ዕቃ ተሰንጥቃ፣ ዙሪያዋ በጥላሸት ጠቁሮ አገኛለሁ፤ ራሷን መሥዋዕት አድርጋ ሌላውን ለማዳን የተቀመጠች ናት። ዕድል ከቀናት እሷን ብቻ እቀይራለሁ፤ ካልቀናት ሙሉ ሰሌዳ ይፈለጋል፤ መለዋወጫውም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ኢንቨርተርም ቢሆን ከፍተኛና ዝቅተኛ ቮልቴጅ ሲመጣ የሚቆርጥ መከላከያ ይኑረው። ማታ ማታ አምፖሉ እስኪደበዝዝ ቮልቴጅ የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ብቻ ስታቢላይዘር ይጨመርበት።

መብራት ሲጠፋ በሩን አይክፈቱ። ያልተከፈተ ፍሪጅ አራት ሰዓት ያህል፣ ሙሉ ፍሪዘር ሁለት ቀን፣ ግማሹ ባዶ የሆነ ፍሪዘር ደግሞ አንድ ቀን ያህል ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ፍሪዘሩ ባዶ ቦታ ካለው በውሃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች አስገብተው ያቀዝቅዙ፤ ውሃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ አፋቸው ድረስ አይሙሏቸው።

ጥያቄ፦ ከአሜሪካ ጠቅልዬ ልመለስ ነው። እዚህ ያለኝን ትልቅ ፍሪጅ ከዕቃዬ ጋር ልጫነው? ትራንስፎርመር ብገዛለት ይሠራል?

መልስ፦ እኔ ብሆን እዚያው ሸጬው እመጣለሁ። የአሜሪካው ፍሪጅ በ120 ቮልትና በ60 ኸርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) የሚሠራ ሲሆን የኢትዮጵያው መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል እንጂ ኸርዙን አይነካውም። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ተራ ሞተር በ50 ሲሠራ ከፍጥነቱ ከስድስት እጅ አንዱን ያጣል፤ በውስጡ የተጠመጠመው ሽቦም ከሚገባው በላይ ይግላል። ለጥቂት ወራት ሊሠራ ይችላል፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምታመጡም ይኸው ይሠራል፦ የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች መስመር 50 ኸርዝ ነው፤ የሳዑዲ ዐረቢያው ግን 60 ነው። ተለጣፊዋ ላይ 50 የሚል ከሌለ ይተዉት።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። በብርድ ወራት ፍሪጁ ደህና እየሠራ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቅቤና ሥጋ ይለሰልሳል። ሁለት ጊዜ ጋዝ አስሞላሁ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጋዙ ገንዘብ በከንቱ ሄዷል ብዬ እፈራለሁ። በብዙ ፍሪጆች ውስጥ ሙቀት የሚለካው አንድ ቴርሞስታት ብቻ ነው፤ የሚገኘውም በፍሪጁ ክፍል እንጂ በፍሪዘሩ አይደለም። ወጥ ቤቱ ራሱ ሲቀዘቅዝ ፍሪጁ ያለ ኮምፕረሰር ቀዝቃዛ ሆኖ ስለሚያድር ቴርሞስታቱ «በቅቷል» ይላል፤ ኮምፕረሰሩ አይነሣም፤ ፍሪዘሩም ይሟሟል።

ተለጣፊዋ ላይ የአየር ንብረት ደረጃ የሚባሉ የላቲን ፊደላት አሉ። «ኤስ ኤን» የሚለው የክፍሉ ሙቀት ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን፣ «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ሲሆን በትክክል ይሠራል ማለት ነው። ለሞቃት አገር ተብሎ የመጣ «ቲ» ፍሪጅ ለድሬዳዋና ለሰመራ የተገባ ነው፤ ሌሊት ከ16 በታች በሚወርድ የደብረ ብርሃን ወጥ ቤት ግን ይቸገራል። ለደጋ አገር ከ«ኤስ ኤን» የሚጀምር፣ ከተቻለም ለሁለቱ ክፍሎች የየራሳቸው መቆጣጠሪያ ያለው ይምረጡ። አሁን ያለዎት ፍሪጅ በረንዳ ላይ ከሆነ ወደ ቤት ያስገቡት፤ አንዳንዶቹም በውስጣቸው ለብርድ ወራት የሚበራ ትንሽ ቁልፍ ስላላቸው ፈልገው ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ በሩ ላይ ውሃና በረዶ የሚቀዳበት ፍሪጅ ይጠቅማል?

መልስ፦ ውሃው በቧንቧ የሚገባ ከሆነ ብዙዎቹ ቢያንስ ከ1.4 እስከ 2 ባር ግፊት ይፈልጋሉ። ሮቶው ከፍሪጁ ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የተሰቀለ ከሆነ የሚሰጠው ግፊት 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ያለ ፓምፕ አይሠራም። ማጣሪያውም በየስድስት ወሩ መቀየር አለበት። ከፈለጉት በእጅ የሚሞላ ጋን ያለውን ይግዙ።

ጥያቄ፦ እንጀራ በፍሪጅ ማስቀመጥ ለምን ያፈራርሰዋል?

መልስ፦ በእንጀራው ውስጥ ያለው ስታርች ከዜሮ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ላይ ነው ቶሎ የሚደርቀው፤ ያ ደግሞ ልክ የፍሪጅ ሙቀት ነው። ሻጋታውን ያዘገያል፤ ልስላሴውን ግን ይወስዳል። ከሦስት ቀን በላይ የሚቆየውን አጥፈው፣ አየር በማያስገባ ፌስታል ጠቅልለው በፍሪዘር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ የአዳዲሶቹ ፍሪጆች ጋዝ ይነዳል ይባላል። ልጆች ባሉበት ቤት አያስፈራም?

መልስ፦ «አር 600 ኤ» የሚባለው ጋዝ ኢሶቡቴን ስለሆነ ተቀጣጣይ መሆኑ እውነት ነው። ይሁንና በአንድ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው መጠን በብዙዎቹ ከ50 እስከ 90 ግራም ነው፤ የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ግን በኪሎ ነው የሚቆጠረው። ከልጆች ይልቅ የሚያሰጋኝ ጥንቃቄ የሌለው ጠጋኝ ነው፦ ጋዙን ደጅ ሳያስወጣ በእሳት የሚበይድ፣ ወይም «ይኸው ነው» ብሎ «አር 134 ኤ» የሚሞላበት። ኮምፕረሰሩ ለዚያኛው ጋዝ ስላልተሠራ ብዙ አይቆይም። በረዶውንም በቢላዋ አይፈልፍሉ፤ በቢላዋ የተበሳ ግድግዳ የጠገንኩት ከማስታውሰው በላይ ነው።

ጥያቄ፦ በሩ ላይ ስክሪን ያለው፣ ከስልክ ጋር የሚገናኝ ፍሪጅስ?

መልስ፦ ስክሪኑ ምንም አያቀዘቅዝም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነው። ትልቁን ፍሪጅ አስተኝተን ብናወጣው ይጎዳል?

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት የደረጃውን መታጠፊያና የወጥ ቤቱን በር ይለኩ፤ የፍሪጁን በር ፈትቶ ማስገባት ይቻላል፤ ግድግዳ ግን አይፈታም። ከተቻለ እንደቆመ ይወሰድ። ካልተቻለ በጎኑ ይተኛ፤ በዚህ ጊዜ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧዎቹ ስለሚፈስስ፣ ካቆሙት በኋላ ሳይሰኩት ግማሽ ቀን ያህል ያቆዩት። ከግድግዳው አምስት ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ የፊት እግሮቹን በትንሹ ከፍ ያድርጉ፤ በሩ በራሱ እንዲዘጋ። ከዚያ በበሩ ዙሪያ አንድ የብር ኖት እያስገቡ በሩን ዘግተው ይሳቡት፤ ያለ ምንም ትግል የሚወጣበት ቦታ ካለ ጎማው እዚያ ጋ አልገጠመም፤ ዕቃ አድራሹ ሳይሄድ ያሳዩት።