በልጄ ላይ የሳቁት ሰዎች ያዩት ምን ነበር?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ኦቲዝም (ከሰው ጋር የመግባባት መንገድንና የስሜት ሕዋሶችን አሠራር የሚለይ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለባቸው ልጆችና ጎልማሶች በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚደርስባቸው ፌዝ ብዙ ደብዳቤ ደርሶናል። ስድስቱን መርጠናል። የጠያቂዎቹን ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ ኦቲዝም አለበት። ታክሲ ተራ ቆመን ሳለ መሬት ላይ ወድቆ እየጮኸ ጭንቅላቱን ሲመታ አንድ ወጣት በስልኩ ቀረጸው። ማታ ቲክቶክ ላይ አየሁት። «ያሳደገው የለም»፣ «የጎደለው ዱላ ነው»፣ «ጸበል ውሰጂው» ይላሉ። ዘመድ ሁሉ ሊንኩን ይልክልኛል። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ማድረግ የሌለብዎትን እንንገርዎ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና። ኮሜንት ውስጥ ገብተው አይከራከሩ፤ ዘመድ ወዳጅም ስለ እርስዎ ተቆርቁሮ እንዳይሳደብ ይንገሩ። መተግበሪያው ንዴትን ከሙገሳ አይለይም፤ ኮሜንት በበዛ ቁጥር ቪዲዮውን ለብዙ ሰው ያቀርባል። «ይህን ጨካኝ እዩልኝ» ብሎ መልሶ መለጠፍም ልጁን ዳግመኛ አደባባይ ማውጣት ነው። ሊንኩን ለላኩልዎት ሁሉ አንድ መልእክት ይበቃል፦ «አታጋሩት፣ ኮሜንት አትጻፉበት፣ ሪፖርት ብቻ አድርጉት።»

ሪፖርቱ ግን ከማስረጃው ቀጥሎ ይሁን። ቪዲዮው ከወረደ በኋላ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል። የቪዲዮውን ሊንክ፣ የለጠፈውንም ሰው ፕሮፋይል ሊንክ ኮፒ አድርገው ያስቀምጡ፤ የሚታየው ስም ብቻውን በቂ አይደለም፣ በደቂቃ ይቀየራል። ስክሪን ሾት ሲያነሱ ቀኑ፣ የተመልካቹ ብዛትና የከፉት ኮሜንቶች ከነጻፊዎቻቸው መለያ ይታዩ። ይህ ሲያልቅ በቪዲዮው ጎን ያለውን የማጋሪያ ቀስት ተጭነው «ሪፖርት» የሚለውን ይምረጡ። ብዙ አቤቱታ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰው በንዴት ያገኘውን የመጀመሪያ ምክንያት ይጫንና ጉዳዩ ወደማይመለከተው ሳጥን ይገባል። ቪዲዮውን በማዋከብ ወይም በግላዊነት ጥሰት፣ ኮሜንቶቹን ደግሞ አንድ በአንድ በጥላቻ ንግግር ይጠቁሙ። ቲክቶክ፣ ፌስቡክና ዩቲዩብ በደንባቸው ከዘርና ከሃይማኖት ጋር አካል ጉዳትንም ይጠብቃሉ። ማብራሪያ መጻፊያ ቦታ ካገኙ «የ7 ዓመት ሕፃን ነው፤ ኦቲዝም አለበት፤ ያለ ወላጁ ፈቃድ ተቀርጿል» ይበሉ፤ የአማርኛው ስድብ ምን ማለት እንደሆነም ያስረዱ። አቤቱታዎ ውድቅ ከተደረገ ይግባኝ የማለት ዕድል ይሰጥዎታል፤ እሱንም ይጠቀሙበት።

ሕጉም ባዶ እጅዎን አይተዎትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ይከለክላል። ሕጉ በአደባባይ የተፈጸሙ ነገሮችን የሚመለከት ልዩ ሁኔታም ስላለው ግን የሕግ ባለሙያ ያማክሩ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ክብርን የሚያጎድፍ ምስልና ጽሑፍ ማሰራጨትን በግል አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል አድርጎታል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ ከብሔርና ከሃይማኖት ጎን አካል ጉዳተኝነትን በስም ጠቅሷል። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ስክሪን ሾቶቹን አትመው ይያዙ።

አሁን ሰዎቹ ያዩት ምን እንደነበር እንነጋገር፤ ለቤተሰብም ለጎረቤትም ማስረዳት ይኖርብዎታልና። ታክሲ ተራ ማለት የረዳቶች ጥሪ፣ ጥሩንባ፣ የሱቅ ስፒከር፣ የናፍጣ ሽታ፣ ግፊያና ፀሐይ በአንድ ጊዜ ነው። የብዙዎቻችን አእምሮ ከዚህ አብዛኛውን አጣርቶ ይጥለዋል። የልጅዎ አእምሮ ሁሉንም እኩል ድምፅ አድርጎ ሲቀበል ይቆይና መሸከም የማይችልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ይፈነዳል። በእንግሊዝኛው ሜልትዳውን የሚሉት ይህ ነው። ከቅብጠት የሚለይበት ምልክት አለው። ከረሜላ ተከልክሎ የሚያለቅስ ልጅ እናቱ ታየው እንደሆነ በጣቶቹ መሃል ይሰልላል፤ ከረሜላው ሲመጣ ዝም ይላል። የተጨናነቀው ልጅ ማን እንደሚያየው አያውቅም፤ የፈለጉትን ቢሰጡት አያቆምም። አስቀድሞም ጆሮውን ይዟል፣ አንድ ድምፅ እየደጋገመ አንጎራጉሯል፣ ልብስዎን ጎትቶ እንሂድ ብሏል። ዱላ እዚህ ላይ ሌላ ሥቃይ ጨምሮ ጊዜውን ያረዝመዋል እንጂ የሚያስተምረው ነገር የለም፤ በዚያ ሰዓት ለመማር የቀረ አእምሮ የለምና።

የሚረዳው ማሳነስ ነው፦ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሰው፣ ቃል። ሦስት ቃል ከበቃ አራተኛውን አይጨምሩ። የታጠፈ ነጠላ ወይም ጃኬት ከጭንቅላቱ ሥር ያስገቡ። ለአደጋ ካልተጋለጠ በቀር አይያዙት። ጩኸቱ ካቆመም በኋላ ለረጅም ጊዜ ደክሞና በቀላሉ የሚረበሽ ሆኖ ስለሚቆይ ወዲያው ታክሲ ውስጥ አያስገቡት። አጠገቡ ያለ መንገደኛ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ጀርባውን ለልጁ ሰጥቶ ሌላውን ሰው ማራቅና እናቲቱን አንድ ጊዜ ብቻ «ምን ላግዝ?» ማለት ነው። ክብሪት ማሸተት፣ ውሃ መርጨት፣ ከብቦ መጸለይ ሁሉም ጭነት ይጨምራል። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ዓይኑ ከተገለበጠና ራሱን ከሳተ ግን ያ የሚጥል ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው በበለጠ ይታያል። በጎኑ አስተኝተው ሰዓት ይያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት ነው።

ጥያቄ፦ 22 ዓመቴ ነው። በኳስ ግሩፓችን ውስጥ ጎል የሳተውን ተጫዋች «ኦቲስቲክ» እንላለን። ማንንም ለመጉዳት አይደለም። ይህን ያህል ክፉ ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስለጠየቅከን እናመሰግንሃለን። ቃሉን ያወጣችሁት «የማይገባው» ለማለት ነው፤ ኦቲዝም ግን ያ አይደለም። አንዳንዱ የአእምሮ እድገት ውስንነት አብሮት አለ፣ አንዳንዱ የለውም፤ አንዳንዱ አይናገርም፣ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሁሉንም የሚያገናኛቸው ከሰው ጋር የመግባባት መንገዳቸውና የስሜት ሕዋሶቻቸው አሠራር መለየቱ፣ የሚደጋግሙት እንቅስቃሴና የጠለቀ ፍላጎታቸው ነው።

አንድ ምሳሌ እንስጥህ። ኦቲዝም ያለበትን ሕፃን «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብትለው «ውሃ ትፈልጋለህ» ብሎ ሊመልስልህ ይችላል። ሰው በዚህ ይስቃል። በአማርኛ ማን እንደሚናገርና ለማን እንደሚናገር ግሡ ውስጥ ስለተቀመጠ ስህተቱ ወዲያው ጆሮ ይገባል። ልጁ ግን «አዎ» እያለህ ነው፤ ውሃ የመጣበትን ሐረግ እንደ ቁልፍ አጥንቶ መልሶ ሰጥቶሃል። ሌላው ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ተነስቶ ሰላም አይልም። በእኛ ባህል ይህ «ስድ» ያሰኛል። ፊት ለማየትና በአንድ ጊዜ ቃል ለማግኘት የሚያወጣውን ጉልበት ግን ማንም አያይለትም። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዴሚያን ሚልተን፣ ራሱም ኦቲዝም ያለበት ሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ያነሳው ሐሳብ ይኸው ነው፦ አለመግባባቱ የሁለት ወገን ነው፤ እኛም እነሱን ማንበብ አንችልም።

ከግሩፓችሁ አባላት የአንዱ ታናሽ ወንድም ኦቲዝም ሊኖርበት ይችላል፤ ያ ጓደኛችሁ እዚያ አፍ አውጥቶ አይነግራችሁም። ነገ አንዱ ቃሉን ሲጽፍ ስብከት አያስፈልግህም። «እሱን ተው፣ ጎሉን ስቷል በል» ብትል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ 8ኛ ክፍል ነው፤ ኦቲዝም አለበት፤ በትምህርት ቤቱ አይ.ኢ.ፒ (ለእሱ ብቻ የተዘጋጀ የትምህርት ዕቅድ) አለው። የክፍል ጓደኞቹ በግሩፕ ቻት «አኩስቲክ» እያሉ የጊታር ምስል ይልኩለታል። ጊታር አይጫወትም። አስተማሪዋ «ጨዋታ ነው» አለችኝ። (አባት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ጨዋታ አይደለም። «አኩስቲክ» የእንግሊዝኛውን «ኦቲስቲክ» በድምፅ ስለሚመስል ልጆች ስድቡን መሸፈኛ አድርገውታል፤ ጊታሩም የዚያ ምልክት ነው። የቃል ማጣሪያ አይዘውም፣ ትልቅ ሰውም አይገባውም። ስለዚህ አቤቱታዎን ሲጽፉ በመጀመሪያው መስመር ላይ የቃሉን ትርጉም ያስቀምጡ፤ አስተማሪዋም ያላየችው ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም።

በቃል አይንገሩ፤ በኢሜይል ለርዕሰ መምህሩ ይጻፉ። ቀኑን፣ የላኪዎቹን ስምና ስክሪን ሾቱን ያያይዙ፤ የትምህርት ቤቱን የማዋከብ ሪፖርት ቅጽም ጠይቀው ይሙሉ። በአሜሪካ የ1973ቱ የተሃድሶ ሕግ ክፍል 504 እና የ1990ው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ተማሪን በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከሚደርስ ማዋከብ ይጠብቃሉ፤ ትምህርት ቤቱ ካወቀ በኋላ ዝም ማለት አይችልም። ደብዳቤዎ «በአካል ጉዳት ላይ የተመሠረተ ማዋከብ» የሚለውን አነጋገር በእንግሊዝኛ ይዞ ይሂድ፤ «እየቀለዱበት ነው» ካሉ ግን ተራ የልጆች ጠብ ሆኖ ይመዘገባል። የአይ.ኢ.ፒ ስብሰባ በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላሉ፤ አማርኛ አስተርጓሚ ማቅረብም የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ልጅዎን አስተርጓሚ አያድርጉት። መልስ ካጡ ለፌዴራሉ የትምህርት ሚኒስቴር የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ ድርጊቱ ከተፈጸመ 180 ቀን ነው።

ለልጅዎም የቃሉን ትርጉም ይንገሩት። እየሳቁበት እያለ አብሮ የሚስቅ ከሆነ ማወቁ መጀመሪያ ያማል፤ ሳያውቅ መቆየቱ ግን የባሰ ነው።

ጥያቄ፦ ሴት ነኝ፤ 31 ዓመቴ ነው፤ በሐኪም ተረጋግጦልኛል። ስናገረው «አንቺ ኦቲዝም አትመስዪም» ይሉኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ኦቲዝም መልክ የለውም። ሴቶች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሌላውን ሁኔታ እያጠኑ መሸፈን ስለሚለምዱ ብዙዎቹ ዘግይተው ይታወቃሉ፤ የመሸፈኑ ድካም ግን ለማንም አይታይም። ለማያምንሽ ሰው የሐኪም ወረቀት የማሳየት ዕዳ የለብሽም።

ጥያቄ፦ አማቴ በቴሌግራም «ስልክ ያመጣው ቨርቹዋል ኦቲዝም ነው፤ ይህ ጠብታ አንጀቱን ያጸዳለታል» የሚል ቪዲዮ ላከችልኝ። ልጄ 2 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ አይናገርም። (እናት፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጠብታውን በፍጹም እንዳይሰጡት። ኦቲዝምን ያድናል ተብለው ከሚሸጡት ጠብታዎች አንዳንዶቹ ክሎሪን ዳይኦክሳይድ አለባቸው፤ ይህ እንደ በረኪና ያለ ማንጪያ ኬሚካል ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2019 ዳግመኛ አስጠንቅቆበታል፤ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ፣ የደም ግፊት መውረድም ያስከትላል። ሻጮቹ «የወጣው ትል ነው» ብለው የሚያሳዩት የተላጠ የአንጀት ሽፋን ሊሆን ይችላል።

«ቨርቹዋል ኦቲዝም» የሚባል ምርመራ በዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ በአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መዝገብ ውስጥ የለም። የ2 ዓመት ልጅ ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፤ መቀነሱ ለቋንቋና ለእንቅልፍ ይጠቅማል፤ ኦቲዝምን ግን ስልክ አያመጣውም፣ ስልክ መንጠቅም አያጠፋውም። እናትን መክሰስ አዲስ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሐኪሞች ሳይቀሩ «ቀዝቃዛ እናት» ያመጣችው ነው ይሉ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሥነ ልቦና ተመራማሪው በርናርድ ሪምላንድ ሥነ ሕይወታዊ መሆኑን ተከራክሮ ያን ክስ ማፍረስ ጀመረ። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል ተብሎ የሚናፈሰውም እ.ኤ.አ. በ1998 በ12 ልጆች ላይ ከወጣና በ2010 ከተሰረዘ ጽሑፍ የመጣ ነው፤ በ2019 ዴንማርክ ውስጥ 657,461 ሕፃናት ተከታትሎ የወጣው ጥናት ግንኙነት አላገኘም።

ልጅዎ በመጀመሪያ የጆሮ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቀጥሎ የሕፃናት ሐኪም ጋ ሄደው ኤም-ቻት የተባለውን ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ልጆች የተዘጋጀ ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ 28 ወሩ ስለሆነ ጊዜው አላለፈም። ኤም-ቻት ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም። ቀጣዩን ምክር አዲስ አበባ ውስጥ ከጆይ የኦቲዝም ማዕከል ወይም ከነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ማግኘት ይችላሉ። ጆይን ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲመሠርቱ በአገራችን ለእነዚህ ልጆች ሌላ በር አልነበረም። ለአማትዎ በክፉ አይመልሱላቸው፤ የላኩት ከፍቅር ነው። ምርመራው ላይ አብረው ቢገኙ ከማንኛውም ማስረጃ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሰው እንዲማር ብዬ የልጄን ቪዲዮ ራሴ እለጥፋለሁ። ስህተት ነው? (እናት፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ማስተማርዎን እናከብራለን፤ አገራችን ውስጥ ብዙ ወላጅ ልጁ ምን እንደሆነ ያወቀው እንዲህ ባለ ቪዲዮ ነው። ግን የሚረበሽበትን፣ ሽንት ቤት ያለበትን፣ የሚለብስበትንና የሚበላበትን በፍጹም አይለጥፉ። በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ያለው ወጣት በታክሲ ተራ የቀረጸው ያንኑ ነው፤ ልጁ 20 ዓመት ሲሆነው ማን እንደለጠፈው አይለይም። መናገር ባይችል እንኳ ቪዲዮውን አሳይተው ፊቱን ይመልከቱ፤ ስልኩን ከገፋ አይለጠፍም። ዩኒፎርሙ ላይ ያለው የትምህርት ቤት ስም፣ የሰፈርዎ ምልክትና የሚመላለስበት ሰዓት አይታይ። ቪዲዮዎን ሌላ ሰው ቆርጦ እንዳይቀጥልበት ዱዌትና ስቲች የሚባሉትን ከግላዊነት ማስተካከያው ያጥፉ፤ ኮሜንት ማጣሪያው ውስጥም የለመዷቸውን ስድቦች በግዕዝ ፊደልም፣ በላቲን ፊደል በሚጻፉበትም መልክ ያስገቡ። ብዙ ወላጅ በግዕዝ ፊደል የተጻፈውን ብቻ ያስገባና ስድቡ በሌላው በር ይገባበታል።